የሆላንዱ ሊቅና የኢተያ ከብቶች

በሥራ ዘመኔ ሁለት ጊዜ ብልህ ሆኜ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳላውቀው ነው። ሞኝ የሆንኩባቸውን ጊዜያት ልዘርዝር ብል ግን ወረቀቱም ዕድሜዬም አይበቃኝም። ስለዚህ አንዲቱን ትልቅ ሞኝነቴን ብቻ እጽፋለሁ፤ ሌሎቹን ጎረቤቶቼ በቃላቸው ያውቋቸዋል።

ነገሩን የቀሰቀሰችው የልጅ ልጄ ሰላማዊት ናት። ዩኒቨርሲቲ ሕግ ታጠናለች። ባለፈው ክረምት አሰላ መጥታ፣ እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ሬዲዮ ስሰማ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ትጽፋለች፣ መልሳ ትሰርዛለች።

«ወረቀቱ ምን አድርጎሽ ነው እንዲህ የምታሰቃዪው?»

«የዓለም አቀፍ ሕግ የቤት ሥራ ነው አባባ። ከሦስትና ከአራት መቶ ዓመት በፊት የነበሩ የአውሮፓ የሕግ ሊቃውንት ያሰቡት ነገር ዛሬ በመንግሥታት መካከል ላለው ሕግ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም ነው ጥያቄው። እርስዎ አያውቁትም።»

አያውቁትም! ዕድሜዬን ሙሉ የፍርድ ቤት አቧራ ስቅም ኖሬ፣ በጡረታ ስወጣ አንድ የእጅ ሰዓትና አንድ የማይለቅ ሳል ይዤ የወጣሁትን ሰውዬ!

«አንዱን አውቀዋለሁ» አልኳት። «የሆላንድ ሰው ነው። ኢተያ ላይ የከብት ነገር አብረን ሠርተናል።»

ልጅቷ ትኩሳት እንዳለኝ ለማየት ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ጣሊያን ከወጣ አሥር ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። እኔ ያኔ ከአሰላ ፍርድ ቤት አጥር ውጭ፣ ከአንድ ጥድ ሥር ማመልከቻ ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ሣጥን፣ አንድ ብዕር፣ አንድ የተቀደደ ጃንጥላና ልክ የሌለው ኩራት ነበረኝ። የጭላሎ ተራራ ብርድ ጣቴን ሲያደነዝዘው እፍ እያልኩ እጽፋለሁ። የምጽፈውም ሰው የነገረኝን ብቻ አልነበረም፤ አሳምረዋለሁ። ዶሮ ጠፋችብኝ ብሎ የመጣ ሰው የእኔን ማመልከቻ ሲሰማ አገር የተወረረበት ይመስለው ነበር።

አንድ ቀን ከኢተያ ባላምባራስ ዘለቀ የሚባሉ ስንዴና ገብስ አምራች መጡ። አያታቸው ከሸዋ መጥተው የሰፈሩ ናቸው። ስንዴ የጫኑ አህዮቻቸው ወደ አሰላ ገበያ የሚያልፉባትን መንገድ አንድ ጎረቤት በአጥር ዘግቶባቸው ተናድደዋል።

«ጻፍ!» አሉኝ። «እንዲያስለቅስ አድርገህ ጻፍ!»

ጻፍኩ። «መንገድ እንደ ነፋስ ነው፤ ማንም በጓሮው ሊያስረው አይችልም። በማለፌ ምንም ያልጎደለበት ሰው፣ እንዳላልፍ ሊከለክለኝ አይገባም» አልኩ። ባላምባራስ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝና ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙበት። አጥሩ በሳምንቱ ፈረሰላቸው።

እኔን ግን ዳኛው አስጠሩኝ።

ዳኛው ግራዝማች ይርዳው ይባሉ ነበር። አጭር፣ በሱፋቸው ላይ ጋቢ የሚደርቡ፣ ኮት ኪሳቸው ከቆሎ የማይለይ ሰው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ለአንድ የውጭ አገር የሕግ አማካሪ አስተርጓሚ ሆነው ሠርተዋል፤ ሰውየው ሲሄድ ወፍራም የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ትቶላቸዋል። ፊታቸው ቆምኩ። ማመልከቻዬን ይዘዋል።

«ይህን ከየት ሰረቅኸው?»

«ከራሴ ነው ጌታዬ።»

«ውሸታም! ይህን ከሦስት መቶ ዓመት በፊት አንድ የሆላንድ ሰው ስለ ባሕር ጽፎታል።»

«እግዚአብሔር ያውቃል ጌታዬ፣ ሰውየውን አይቼው አላውቅም! ወረቀቱንም አልነካሁበትም!»

እኔ ሆላንድን የማውቃት በአንዲት የወተት ቆርቆሮ ላይ ነው፤ ላም ተስሎባት። ግራዝማች ትክ ብለው አዩኝና መሳቅ ጀመሩ። ስቀው ሲያበቁ ከኪሳቸው ቆሎ ዘግነው ሰጡኝ። በዚያው ወር የችሎት ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ስለ ደሞዙ ብዙ አልልም፤ የምጨርሰው ቀለም ከደሞዙ ይበልጥ ነበር።

መጀመሪያ ጢቾ ተላክሁ። እዚያ የተሰጠችኝ በቅሎ ከእኔ የተሻለች ሕግ አዋቂ ነበረች፤ ወንዝ ሲሞላ ትቆማለች፣ እኔ «እለፊ!» እያልኩ እገርፋታለሁ፣ በመጨረሻ እኔ ብቻዬን ወንዙ ውስጥ እገኛለሁ። ቀጥሎ ሲሬ ሄድኩ። የሲሬው አለቃዬ ማኅተም የሚወድ ሰው ነበር፤ የምሳ ሥጋ የተጠቀለለበትን ወረቀት ሳይቀር አትሞ ፋይል አድርጎታል። ከዚያ ግራዝማች ራሳቸው ወደ አሰላ አስመለሱኝ።

ሙያ የተማርኩት ከእሳቸው ነው። የምስክር ቃል ጽፌ ሳቀርብ እየመለሱ፣ «ይህ የአንተ አማርኛ ነው። እረኛ 'ከዚህ በመነሣት' ብሎ አያውቅም። ሰውየው ያለውን ጻፍ» ይሉኛል። ከባላገሩ ብዙው ኦሮምኛ ተናጋሪ ስለሆነ ችሎቱ በአስተርጓሚ ነበር የሚሠራው። ግራዝማች ኦሮምኛ ብዙ አይችሉም፤ ግን ጆሯቸው ርዝመት ይለካል። ሰውየው ረጅም ተናግሮ አስተርጓሚው ካሳጠረ እጃቸውን ያነሣሉ። «የቀረው የት ሄደ?»

ከሁሉ በላይ አንድ ልማድ ነበራቸው። ከሳሽም ሆነ ተከሳሽ የራሱን ነገር ከመናገሩ በፊት የባላጋራውን ነገር እንዲናገር ያደርጉታል። ባላጋራው ሰምቶ «አዎ፣ ይኸው ነው የኔ ነገር» እስኪል ድረስ ተናጋሪው ስለ ራሱ አንዲት ቃል አይፈቀድለትም። የማይወዳቸው ጠበቃ ብዙ ነበር። እኔ ግን ስንቱ ክርክር እዚያው ላይ ሲሟሽሽ አይቻለሁ። አንዱ የባላጋራውን ነገር አሳምሮ ከተናገረ በኋላ፣ «እንግዲህ እኔም ብሆን ራሴን እከስ ነበር» ብሎ ባርኔጣውን አንሥቶ ሄዷል።

«ይህን ከየት አመጡት?» አልኳቸው በአንድ የሻይ ሰዓት።

«ከመጽሐፉ። የድሮዎቹ ሊቃውንት ትልቁ ነገራቸው ምን መሰለህ? ሁለት መንግሥት ሲጣላ ሁለቱም ከልባቸው እውነት አለን ብለው ሊያስቡ ይችላሉ አሉ። ስለዚህ ሕጉ ለሁለቱም ይሠራል። ባላጋራህ ሰይጣን ነው ካልክማ ምን ሕግ አለ?»

«የሆላንዱስ ሰው? ባሕር የሁሉ ነው ያለው ከደግነቱ ነው?»

«የምን ደግነት! ጠበቃ ነበር። የመርከብ ነጋዴዎች ቀጥረውት ነው የጻፈው፤ ሌላ አገር ባሕሩን ስለዘጋባቸው።»

«ተቀጥሮ?»

«እንደ አንተ! ከጥድ ሥር። በኋላም እነዚያው ነጋዴዎች የደረሱበትን የሰው ወደብ ሌላ እንዳይገባበት ዘጉ፣ የሰውም አገር ወሰዱ። ለዚህም መጽሐፍ አላጡም።»

«ታዲያ ምኑ ይጠቅመናል?»

ግራዝማች ቆሏቸውን አኘኩ። «ቃሉ ከአፉ ወጣ። አንዴ 'ለሁሉ' ካለ በኋላ ለእኔ ብቻ ማለቴ ነው ቢል ማን ይሰማዋል? ለቀጣሪው ብሎ የሳላትን ቢላዋ ዛሬ ማንኛውም ድሃ አገር አንሥቶ ይቆርጥባታል።»

እኔ ራሴን ነቀነቅሁ። የገባኝ ግን ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው፤ ያውም በላም።

ከኢተያ በታች፣ ወደ ቆላው ሲወርዱ፣ አንዲት ሆራ አለች። ሆራ ጨው ጨው የሚል የማዕድን ውኃ ነው፤ የአርሲ ከብት በየጊዜው ካልጠጣው ይከሳል፣ ወተቱም ይነጥፋል። ከላይ የሚኖሩ የከብት ባለቤቶች ከብቱን የሚያወርዱባት መንገድ ጥንታዊት ናት። ያቺን መንገድ ባላምባራስ ዘለቀ አርሰው ገብስ ዘሩባት። አዎ፣ እኚያው ባላምባራስ፤ ነፋሱን ያስፈታሁላቸው።

ኦቦ ከድር የሚባሉ ሽማግሌ በራሳቸውና በጎረቤቶቻቸው ስም ከሰሱ። ግራዝማች ከፍርዱ በፊት ይስማሙ እንደሆነ ብለው፣ በገብሱ መካከል ሃያ ክንድ ስፋት መተላለፊያ እንዲተው የሚል ውል አዘጋጁ። ቦታው ድረስ ሄጄ፣ ሁሉም በተሰበሰበበት በሁለቱም ቋንቋ በግልጽ አስነግሬ፣ አስምዬ፣ አስፈርሜ እንድመለስ ታዘዝኩ።

ሄድኩ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ አዲስ ጫማ አድርጌያለሁ። ጭቃውን ፈራሁ፤ እውነቱ ይኸው ነው። ባላምባራስ በመስቀል ማሉና አተሙ። ወረቀቱን በአንድ ትንፋሽ አነበነብኩት፤ አስተርጓሚው በሦስት ቃል ጨረሰው። የግራዝማች ጆሮ አብሮኝ አልመጣም ነበር።

ኦቦ ከድር፣ «ቆይ ልጄ» አሉኝ በዝግታ። «ሰዎቻችን እየመጡ ነው። እንቀመጥ። ነገሩ ይነገር፣ ይሰማ። ባለቤቴ አዴ ቦንቱም ትምጣ፤ ወተቱ የእሷ ነው። እኔም በሃይማኖቴ ልማል።»

«አንተ አትም እንጂ!» አልኳቸው። «ጣት ይበቃል።»

ባላምባራስን እርስዎ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑትን ኦቦ ከድርን አንተ። ይህን ስጽፍ ጆሮዬ ይግላል። አተሙ። ዝናቡ ሳይጀምር አሰላ ገባሁ፤ ጫማዬ ንጹሕ፣ ሪፖርቴም ንጹሕ፦ «ለሁሉም ወገን በግልጽ ተነግሯቸው፣ በየእምነታቸው ምለው ተስማምተዋል።»

ሦስት ሳምንት አልቆየም። ሃያ ክንድ የሚባል ነገር መኖሩን ያልሰሙ የኦቦ ከድር ጎረቤቶች ከብታቸውን እንደ ጥንቱ በሰፊው ለቀቁት። ገብሱ ተረገጠ። ባላምባራስ ያገኟቸውን ላሞች በረት አስገብተው ዘጉባቸው። ግራዝማች ይለቀቁ ብለው ትእዛዝ አስይዘው ሲልኩኝ ከብቶቹ ያለ ውኃ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። በረቱ ሲከፈት አንዲቱ አልተነሣችም፤ የአዴ ቦንቱ ቡሬ፣ የቤቱ ሁሉ ወተት። አዴ ቦንቱ አጠገቧ ተቀምጠው ጆሮዋን ይዘዋል።

ቀና ብለው አዩኝ። «ወረቀቱን የያዝከው አንተ ነህ?»

«አዎ እናቴ።»

«ይታለባል?»

ትእዛዙን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ነገሩ ችሎት ቀረበ። ባላምባራስ ውሉ ስለፈረሰ መንገዱ ለዘለዓለም ይዘጋ አሉ። ከተዘጋ የዚያ ሰፈር ከብት አለቀ ማለት ነው፤ ሌላ ሆራ በቅርብ የለም። ኦቦ ከድር ተጠየቁ።

«ውሉን ፈርመዋል?»

«ጣቴ ፈረመች» አሉ። «እኔ ግን አልተናገርኩም።»

ሪፖርቴ ግን ተናግረዋል ይላል። እንግዲህ ከሁለታችን አንዳችን ውሸታም ነን። ግራዝማች ነገሩን ለማግስቱ ቀጠሩት፤ እኔንም አላዩኝም።

በማግስቱ ጠዋት ችሎት ሳይጀመር ክፍላቸው ገባሁ። ወፍራም የሱፍ ካልሲያቸውን እየጎተቱ ነው።

«ሪፖርቴ ውሸት ነው» አልኩ። ጫማውንም፣ ዝናቡንም፣ አንተ ማለቴንም ነገርኳቸው። ከኪሳቸው ቆሎ አወጡና ብቻቸውን መብላት ጀመሩ። ያን ያህል ጊዜ አብረን ስንሠራ ሳያካፍሉኝ የበሉት ያን ቀን ብቻ ነው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሌላስ?» አሉ።

«ሌላ ደግሞ… የባላምባራስ የድሮ ማመልከቻ መዝገብ ቤት አለ። የነፋሱ።»

ማኘካቸውን አቆሙ። «አምጣው። ሳዝህ ታነበዋለህ፤ ስም ሳትጠራ።»

ችሎቱ ሞልቷል። ግራዝማች በመጀመሪያ ሪፖርቴን በአደባባይ ሻሩት፤ ጥፋቱ የጸሐፊው መሆኑም በመዝገብ ተጻፈ። የጻፍኩትም እኔው ነኝ፤ ያኔ ያፈሰስኩት ቀለም ዛሬም መዝገቡ ላይ ይኖራል። ቀጥለው ወደ ባላምባራስ ዞሩ።

«የኦቦ ከድርን ነገር ይንገሩኝ።»

«የእሱን ነገር እኔ ምን አገባኝ? ደግሞስ በመስቀል ያልማለ ሰው ቃል ምን ያስረዋል?»

ግራዝማች ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ይህ ጥያቄ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ተጠይቆ ተመልሷል። አንድ የሆላንድ ሊቅ፣ ሃይማኖቱ ከሃይማኖትህ ለተለየ ሰው የገባኸው ቃልም ያስርሃል ብሏል። እሱም በእምነቱ ሲምልልህ መሐላው መሐላ ነው። እኛስ፣ ባላምባራስ? ጠላት በወረረን ጊዜ በመንግሥታት ፊት ስንጮኽ በእጃችን ምን ነበር? ውል ነበር። የፈረመልን አልጠበቀውም፣ የሰማንም አልነበረም። ያኔ የጮኽነውን ዛሬ ሌላው ቢጮኸው ጆሯችንን ልንደፍን ነው?»

ወደ እኔ ዞሩ። «አያሌው፣ አንብብ» አሉኝ።

አነበብኩ። መንገድ እንደ ነፋስ ነው… በማለፌ ምንም ያልጎደለበት ሰው…

«እንዴት ነው?» አሉ ግራዝማች። «እውነት አለው?»

ባላምባራስ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ባዶ ማማር! ነፋስ ገብስ ይረግጣል? ይህን የጻፈለት ወሬኛ ቢገኝ መታሰር ያለበት እሱ ነው!»

«ጸሐፊው እዚሁ አለ፤ እናየዋለን» አሉ ግራዝማች። «አያሌው፣ የአመልካቹን ስም አንብብ።»

«አመልካች… ባላምባራስ ዘለቀ።»

ችሎቱ በሳቅ ተናጋ። ባላምባራስ ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዞሩት፤ የታተመውን ጣት አዩ፣ የራሳቸውን ጣት አዩ። እኔ ላይ አፈጠጡ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«ያኔ የተዘጋብኝ እኔ ነበርኩ» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው።

«እሱን ነው የምጠይቅዎት። ይንገሩኝ።»

ወረቀቱን መለሱልኝ። ከዚያ ተናገሩ፦ ከብቱ ሆራ ካልጠጣ እንደሚያልቅ፤ መንገዱ አንድ ብቻ እንደሆነ፤ ያልነገሩትን ሰው ለምን አልጠበቅህም ማለት እንደማይቻል፤ በረት ውስጥ የሞተችው ላም ጥፋት እንዳልነበረባት። ኦቦ ከድር ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሰሙ።

«ኤዬ፣ አዎ» አሉ። «የኔ ነገር ይኸው ነው።»

ተራው የሳቸው ሆነ። «ገብስ ላብ ነው» አሉ። «ልጆቻችን እንደ ጎርፍ ገቡበት። ባላምባራስ አያታቸው ሸዋ ሳሉ የኔ አያት በዚያ መንገድ ከብት ይነዱ ነበር። ቢሆንም የተዘራ አይረገጥም።»

ባላምባራስ ስለ አያታቸው ሲሰሙ ጢማቸው ተነቃነቀ፤ ቢሆንም፣ «ይኸው ነው» አሉ።

ውሉ እንደገና ተደረገ፤ በዚህ ጊዜ መንገዱ ላይ፣ ግራዝማች ራሳቸው ባሉበት፣ እኔም በባዶ እግሬ። ጫማውን ራሴ ነኝ የተውኩት። ሰው ሁሉ እስኪመጣ ግማሽ ቀን ጠበቅን። ነገሩ በኦሮምኛ ተነገረ፣ በአማርኛ ተነገረ፣ ሃያው ክንድ በእግር ተለካ። ባላምባራስ በመስቀላቸው፣ ኦቦ ከድር በሃይማኖታቸው ማሉ። ለሞተችው ላም ባላምባራስ አንዲት ጊደር ሰጡ። አዴ ቦንቱ ሲንቄያቸውን፣ ያገባች የአርሲ ሴት የምትይዘውን የክብር በትር፣ ይዘው መጥተው በመተላለፊያው ዳር ቆሙ። በትሩ ባለበት ማንም እጁን አያነሣም።

ልፈርም ብዬ ብዕሬን ሳወጣ፣ «ቆይ» አሉኝ አዴ ቦንቱ። «ሁላችንም ተናገርን። አንተስ?»

«እኔ ጸሐፊ ነኝ እናቴ።»

«ባለፈውም ጸሐፊ ነበርክ። ድገመው። በኦሮምኛ።»

ያን ሁሉ ውል፣ ከገበያ በለቃቀምኳት ኦሮምኛ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደገምኩት። በተሳሳትኩ ቁጥር ሰዉ ይስቃል፤ አዴ ቦንቱ ሳይስቁ ያርሙኛል። ስጨርስ ግራዝማች ከኋላዬ መጥተው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ቆሎ ዘግነው ሰጡኝ።

ጊደሯን አዴ ቦንቱ «ጸሐፊ» ብለው ሰየሟት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት አሰላ ገበያ ላይ ሲያገኙኝ በሰው ፊት ይጮኹ ነበር፦ «ጸሐፊ ወለደች! ካንተ ትሻላለች፣ ትታለባለች!»

ይህን ሁሉ ለሰላማዊት ስነግራት ብዕሯን ከአፏ አላወጣችም። «ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለች።

«መጀመሪያ አይጠቅምም የሚለውን ሰው ሆነሽ ጻፊ። ሊቁ የነጋዴ ቅጥረኛ እንደነበር፣ በእነዚያ መጻሕፍት የስንቱ አገር እንደተወሰደ። ሳትሰስቺለት ጻፊ፤ ሰውየው ቢያነበው 'ይኸው ነው' እስኪል። ከዚያ በኋላ የሚቀርሽ ነገር ካለ፣ እሱ ነው መልስሽ።»

ሦስት ቀን ጻፈች። ስትመለስ እስከ ኢተያ ልሸኛት አብሬያት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ኢተያ ልንደርስ ስንል ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ የከብት መንጋ አስፋልቱን ሞልቶታል፤ ቡሬ፣ ዳለቻ፣ ጥቁር። ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። ላሞቹ ዞረውም አላዩትም።

«ኧረ ይህን ሁሉ ከብት በዚህ ይለፍ ብሎ የፈቀደ ማነው?» ብሎ ጮኸ።

ሰላማዊት ከኋላ ወንበር አንገቷን አሰገገች። «አያቴና አንድ የሆላንድ ሰው» አለችው።

ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ። እኔ ጋቢዬን አስተካከልኩና ኪሴ ውስጥ ካለው ቆሎ ዘግኜ አቀበልኩት። ላሞቹ እስኪያልፉ ጊዜ ነበረን።